አስመስሎ የተሠራው ማያ

በጃንሆይ ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ ፎቶ አንሺ ከተባለ ባሌ ጁነይዲ ነው። ካሜራው አናት ላይ የሚሰካው፣ እያነጣጠረ የሚያይበት ማያ ወድቆ ተሰበረና ነጋዴው ከቢር ከአሥመራ ሁለት አመጣለት። አንዱ የፋብሪካው የራሱ ነው፤ ሌላው እሱን አስመስለው የሠሩት፣ ርካሽ።

«ዋናውን ግዛ» አልኩት።

«ሀዋ፣ እስቲ እዪባቸው! ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?»

አየሁባቸው። እንዲያውም ርካሹ ጥርት ያለ ነው። ነገሩ ግን አልጣመኝም፤ ተው ብለው፣ እሱ ደግሞ ከያዘ አይለቅም፣ ርካሹን ገዛ። ገበያተኛውን ሜዳ ላይ ራቅ አድርጎ እያቆመ ሲያነሳበት ሰነበተ። ፊልሙን የሚያጥበው ተነስቶ ሲያልቅ ነው።

ከዚያ እትዬ ስንዱ መጡ። ባላቸው አያ ሀብቴ አልጋ ከያዙ ከርመዋል፤ ፎቶ የሚባል ተነስተው አያውቁም። «ፊቱ እንዳይጠፋብኝ ነው» አሉና አለቀሱ።

አያ ሀብቴን ደግፈው ደጃፉ ላይ አስቀመጧቸው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ጁነይዲ ቀረብ ብሎ አነሳቸው።

ፊልሙ ሳያልቅ አረፉ። ጁነይዲ ተሯሩጦ አጠበው። ካባው አለ፣ እጃቸው አለ፤ ከአገጭ በላይ የለም። ማያው ከሌንሱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ለቅርብ ሰው ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ ሌንሱ የሚያነሳው ማያው ከሚያሳየው ዝቅ ያለውን ነው። ዋናው ለዚህ የምትዞር ቀለበት አለችው። አስመሳዮቹም ቀለበቷን አልረሷትም፤ ትዞራለች፣ ምንም አታንቀሳቅስም። እጃቸውን ይቁረጠው!

«አትሂድ» አልኩት፤ እሱ ግን ፎቶውን ይዞ ልቅሶው ድረስ ሄደ። እትዬ ስንዱ ተቀብለው ገለባበጡት።

«ፊቱስ?»

እውነቱን ነገራቸው። ለቀስተኛው አጉረመረመ፤ እኔማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«በዚያች መስታወት ስታይ ፊቱ ነበር?»

«ነበር፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ቁምና ተናገር።»

በእኛ በጋይንት ልቅሶ መሀል ቆሞ ስለ ሟች የሚናገረው ዘመድ ነው፤ ጠመንጃቸውን ይዞ ጀግንነታቸውን ይጠራል። ባሌ ባዶ እጁን መሀል ገባ።

«ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። ግራ ዓይናቸው ጠበብ ብሏል። እኔን አላዩኝም፤ ከኋላዬ የቆሙትን እትዬ ስንዱን ነበር የሚያዩት፣ ፈገግ ብለው።»

እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ድገመው» አሉት።