ክፍሉን ያዳንኩበት ቅዳሜ

ከዚህ በታች የሰፈረው ቅንጣት ያልተጨመረበት እውነት ነው፤ ብዋሽ እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ይድረቅ። ባለፈው ቅዳሜ ለማኅበራችን አዲስ ገቢዎች ያወራሁትን ነው እንዳለ የምጽፈው። ማጋነን እንደሆነ ተፈጥሮዬ አይደለም።

የዛሬ አምስት ዓመት ኦፕን ሶርስ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበትን፣ ሲያሻውም ውስጡን ከፍቶ የሚያስተካክለውን ሶፍትዌር በከተማችን የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላ አንድ ሰው አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እሱም ከእኔ የሰማ ነው። ሥራዬ ቴሌቪዥን መጠገን ቢሆንም፣ የታመመ ኮምፒውተር ገና ከበር ሲያየኝ ሳልነካው ይነሳል።

ታዲያ ሌላውም እንዲጠቀምበት ሰው በየወሩ ላሰባስብ ብዬ ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል ጠየቅኩ። ኃላፊዋ ለሙከራ ሦስት ቅዳሜ ፈቀዱልኝ። በሁለቱ ቅዳሜዎች ሰው ጠብ ያላለው ዝናዬን ፈርቶ ነው። በሦስተኛው ኃላፊዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ቁርጡን ነገሩኝ፤ እስከ አሥር ሰዓት አሥር ሰው መዝገቡ ላይ ካልፈረመ ክፍሉ የአሮጌ ጋዜጣ መጋዘን ይሆናል። ጠረጴዛና ሶኬት ያለው ሌላ ክፍል ደግሞ የሚሰጠን አልነበረም። ያ ቀን ካመለጠ ማኅበር የሚባል ነገር የለም።

መዝገብ የምትይዝልኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ ነበረች። ጭምት ናት፤ ቃል ከአፏ ለማውጣት ፒንሳ ያስፈልጋል። ጥፍሯን እየበላች በመስኮት ቁልቁል ታያለች። አይዞሽ እቴ፣ እኔ እያለሁ ምን አስጨነቀሽ ብዬ ደረጃው ላይ ወጣሁና አንዴ ጠራሁ። አንዴ ብቻ።

ሦስት መቶ ሰው መጣ። ሰልፉ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ ዞሮ ጭራው ከራሱ ጋር ተገናኘና፣ ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ በሚል ተጣሉ። አንድ የጥርስ ሐኪም በሽተኛውን አፉን እንዳስከፈተ ትቶ መጣ፤ በሽተኛውም አፉን እንደከፈተ ተከተለው። የአውቶቡስ ሹፌር ከነተሳፋሪው ደረሰ። ፌርማታዬ አለፈ ብሎ ያጉረመረመ አንድም ተሳፋሪ አልነበረም።

ችግሩ፣ ሁሉም ሶፍትዌሩን ባንድ ጊዜ ማውረድ ሲጀምር ኢንተርኔቱ ድርግም አለ። የእኛ ብቻ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ የሰፈሩ በሙሉ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነበር። መዝገቡ ላይ ገና አንድም ሰው ሳይፈርም ሰዉ ኮምፒውተሩን እያጠፈ መነሳት ጀመረ፤ ኃላፊዋ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

ያኔ ከደረት ኪሴ አንድ ፍላሽ መዘዝኩ። ሶፍትዌሩ ከነነፍሱ እዚያ ላይ ነበር። የጫነ ለጎረቤቱ ይገልብጥለት አልኩ። አንዱ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት፣ አራቱ ለስምንት ሲያቀባበሉ ስክሪኑ ተራ በተራ ቦግ፣ ቦግ፣ ቦግ። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ምሳውን በልቶ የሚመለስ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ሳይገልጥ ሲከፈትለት አቅፎት እንባው ወረደ። ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም ጠረጴዛ ላይ ወጥቼ ነበር መሰለኝ። መዝገቡ በፊርማ ሲሞላ ኃላፊዋ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ላይ ስደርስ አዲስ ገቢዎቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡኝ ነበር። ያቺ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ልጅ ከኋላ የፕሮጀክተሩን ገመድ እየሰካች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ በዝግታ፦

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ሰው ነበርን። ስብሰባውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ፍላሹም የእኔ ነው። ለአሥር ሁለት ደቂቃ ሲቀር እርስዎ ገቡና ሽንት ቤት በየት በኩል ነው አሉኝ። መጀመሪያ እዚህ ላይ ይፈርሙ አልኩዎት።»