ፋይል 41 ማን ጋ ነው?

የመሥሪያ ቤታችን ማህተም የሚኖረው ጋሽ ወርቅአገኘሁ ኮት ኪስ ውስጥ ነው፣ በገመድ ታስሮ። እሳቸው ሻይ ቤት ሲሄዱ ማህተሙም አብሮ ይሄዳል፤ ባለጉዳይም በደብረ ብርሃን ብርድ ተኮራምቶ ይጠብቃል። እኔን ሰናይትን፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋን፣ ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። በነጻ የሚሰጥ፣ የውስጥ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ፣ እንደፈለጉ የሚቀይሩት ነው። ፋይል ከየትኛው ጠረጴዛ ወደየትኛው እንደሚሄድ በሳጥንና በቀስት ሲስሉለት እሱ ይከታተላል። እኔ ደግሞ ተንኮሌን ጨመርኩበት፤ ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ሰቀልኩ። የፋይሉ ቁጥር፣ ማን ጋ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ሁሉም ይታያል።

«ይሄ እኔን ለማጋለጥ አይደለም?» አሉ ጋሽ ወርቅአገኘሁ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«ኧረ ለሁላችንም ነው ጋሼ!» አልኩ። ዋሽቼ ነው።

አርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሺን አዳራሹ ውስጥ አገኘኋት። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ ጣቢያ የምትኖር እናት ናት። ልጇን ሊያን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የድጋፍ ደብዳቤ የጠየቀችው ረቡዕ ጠዋት ነው። ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሊያ አምናም ሳትማር ነው ዓመቱ ያለፈባት።

ደሜ ፈላ። ስክሪኑን እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ ወደ ሻይ ቤቱ በረርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሻይ ሲጠጡ የሰው ልጅ ከትምህርት ልትቀር ነው!»

ጋሽ ወርቅአገኘሁ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ስክሪኑ እኔ ጋ ነው ይላል?»

«ሌላ ማን ጋ ይሆናል?»

ተነሥተው ተከተሉኝ። አዳራሹ ገብተን ቀና ስንል ስክሪኑ እንዲህ ይላል፦ ፋይል 41፣ ሰናይት ጋ፣ ሁለት ቀን ከሁለት ሰዓት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የድጋፍ ደብዳቤን መንገድ ስስል፣ ከማህተሙ በፊት ለሙከራ ብዬ ራሴን አስገብቼ ማውጣቱን ረስቼው ነበር፤ በዚያ መንገድ የሄደው የመጀመሪያው ፋይል ደግሞ የየሺ ነው።

«ስክሪኑን አይተሽው አልነበር? ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሰናይት የምትባለዋን መች አውቃታለሁ እህቴ?» አለች የሺ። «ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ሻይ ቤት ትሆናለች አለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተንደርድሬ ፋይሉን አሳለፍኩና ደብዳቤውን በፕሪንተር አትሜ መጣሁ። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ማህተሙን ከኪሳቸው አውጥተው ቆመዋል።

«ቢሮ ለመግባት ጊዜ የለም፤ ጎንበስ በይ» አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። ደብዳቤውን ጀርባዬ ላይ ዘርግተው ማህተሙን አሳረፉት። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ፤ ግን ምን አፍ አለኝ?

የሺ በባጃጅ ከነፈች። ቁጥሬን ሰጥቻት ስለነበር ለስድስት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደወለች፤ ሊያ ተመዝግባለች። እንባዬ መጣ።

ስሜን ያኔውኑ ከመንገዱ አወጣሁት። ጋሽ ወርቅአገኘሁ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ ፊት ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች ስሜን ይፈልጋሉ። ሲያጡት ቅር እያላቸው ሻይ ቤት ይሄዳሉ።