አባዬ አቻውን የተወበት ጨዋታ

አባዬ ግንቡን መልሶ ያመጣዋል እንጂ ሌላ ምን አለው፣ ግንቡ ንግሥቲቱን ያስፈራራል፣ ትሸሻለች፣ እንደገና ያስፈራራል፣ እንደገና ትሸሻለች፣ ሁለት ጊዜ ሆነ፣ ሦስተኛ ከተደገመ አቻ ነው፣ ተጨባብጦ ወደ ቤት። እኔስ ነገ የምፈልገው ይህንኑ አይደል፣ ዝምተኛው ከሚሉት ጋር አቻ፣ እኔ ሳልወለድ በዚህ የቼዝ ጨዋታ አባዬን ካሸነፈው ሰውዬ ጋር፣ ግማሽ ነጥብ ካገኘሁ ቡድኑ ውስጥ ነኝ። የማጠናው እንዲህ ነው፣ ጨዋታው ከተመዘገበበት ወረቀት ላይ ቀጣዩን እርምጃ በሸሚዝ ኮሌታ ካርቶን እሸፍናለሁ፣ እገምታለሁ፣ እገልጣለሁ።

ወታደር።

ወታደር አንድ እርምጃ? ግንቡን ሜዳ ላይ ጥሎ? አሰልጣኜ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል፣ አባትሽ እዚህ ጋ ቀልቡን ስቷል ብሎኛል፣ እኔም አምኜ ነበር፣ ይኸው አባዬ እዚያ ጥግ የደንበኛ ሱሪ እየተኮሰ ነው፣ ካውያው ሽሽ ይላል፣ እንዲህ የረጋ ሰው እንዴት ቀልቡን ይስታል። እሺ፣ ዝምተኛውን ሆነን ግንቡን እንብላለት። በላሁ። የአባዬ ፈረስ ገባ፣ ቼክ፣ የዝምተኛው ንጉሥ ወደ ጥግ፣ ከዚያ መውጫ የለውም፣ መውጫውን ያ ወታደር ይዞታል፣ ቼክሜት። ኧረ በሕግ። ዝምተኛውስ? አልበላም፣ ንጉሡን አንስቶ ወደ መሃል፣ እሳቱ ውስጥ፣ እሱም አይቶት ኖሯል፣ አንድ ቃል ሳይወጣቸው ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሲሰማ፣ እንዲህም ይቻላል ለካ። ካርቶኑን ዝቅ፣ አሁን ደግሞ ዝምተኛው አቻ በእጁ ነው፣ እሱም ተወው። እስከ መጨረሻው እንዲህ፣ አባዬ በአንድ እርምጃ ተቀድሞ እስኪሸነፍ።

አባዬ፣ አቻው እጅህ ላይ አልነበር እንዴ። የቱ ጋ ይለኛል። ወታደሩን የገፋህ ጊዜ። ካውያውን አቆመው፣ ሰሌዳውን እንኳ አላየም፣ ነበረ እንጂ ይላል። ልትሸነፍ እንደምትችል አላወቅክም? አውቃለሁ፣ መጨረሻው የት እንደሚደርስ ግን አላወቅኩም፣ እሱም አላወቀም፣ ታዲያ ሳናየው ከጠረጴዛው ምን ብለን እንነሳ የኔ ልጅ።

ምን ብለን እንነሳ። ለነገ ያዘጋጀኋት መንገድ፣ ጠጠሩን ሁሉ ተለዋውጦ ባዶ ሰሌዳ ላይ መጨባበጥ፣ ሳምንት ሙሉ የኮራሁባት፣ አሁን ሳስባት ታሳፍረኛለች፣ ያን ሰውዬ ፊቴ አስቀምጬ ምንም ላልጠይቀው? እፈራለሁ፣ ብሸነፍ ቡድኑ የለም፣ በጣም እፈራለሁ። አባዬ፣ ሱሪው ይቆይና የዝምተኛውን ወገን ያዝልኝ። ወንበር ስቦ ይመጣል፣ ነገ አቻ ይበቃሻል አይደል ይለኛል፣ ጠጠሮቹን እየደረደረ።

ይበቃኝ ነበር።