የእትዬ ሉዋን አምስት ቃላት

የምዕራቡ ክፍል መርፌ የውሸት ነው ይላል ከታካሚዎቹ አንዱ የሆነው ፑ። ወንዝ ዳር ክንዱን እያወናጨፈ ሰውነቱን ሲያፍታታም፣ ገበያ ላይ ጎመን ሲያገላብጥም ወሬው ይኸው ነው። ሆስፒታሉ መርሳት የጀመራቸውን አዛውንቶች ሰብስቦ፣ በቻይናውያን ልማድ አናት ላይ በሚተከል ቀጭን መርፌ መወጋት ይረዳቸው እንደሆነ እየሞከረ ነው። በፑ አባባል የምሥራቁ ክፍል ሰዎች በደንብ ሲወጉ፣ የምዕራቦቹን ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ነካ ነካ እያደረጉ ይሸኟቸዋል።

እዚያው የምትታከመው ሉዋን ፑን ትንቀዋለች። የምትንቀው ግን እሱን ብቻ አይደለም። መርፌው አናታቸው ላይ እንደተተከለ የሚያንኮራፉትን ትንቃለች። ጢም ያላወጣውን፣ እንደ ሕፃን እያባበለ የሚያናግራትን ዶክተር ሚያኦን ትንቃለች። የክር ፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ሳለች ሴቱን ሁሉ በዓይኗ ታንቀጠቅጥ የነበረች ሰው፣ ዛሬ «ጎበዝ እናታችን!» ስትባል እንዴት አትንቅ?

መከር ላይ የልጅ ልጇን ማይማይን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጥታ፣ ልጅቷ አምና በለቀቀችው መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆማ ዋለች። ማይማይ በአዲሱ ትምህርት ቤቷ በር ዝናብ ሲወርድባት አመሸች። ምራቷ ሊንግ አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ ሆስፒታሉ ከዘመን መለወጫ በኋላ ሲፈትንዎ ውጤትዎ ከተሻሻለ እርስዎ ያመጧታል። ካልሆነ እናቴ ከሻንዶንግ ትመጣለች» አለቻት። የሊንግ እናት ገበሬ ናት። ሉዋን ከሞት ይልቅ የፈራችው ማይማይ የዚያችን ሴት እጅ ይዛ መንገድ ስትሻገር ማየትን ነው።

ሉዋን ደግሞ የተመደበችው ምዕራቡ ክፍል ነው። ሌላው ሁሉ መርፌው ሲገባ ከበድ፣ ደንዘዝ ያደርገናል ሲል እሷ ምንም አይሰማትም። የናቁት ሰው ወሬ አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም። መርፌው ካላዳነኝ ራሴን በራሴ አድናለሁ ብላ ቆረጠች። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሐኪሙ አምስት ቃላት አንብቦ ቆይቶ መልሶ ጠይቋቸው ነበር። እሷ ረስታቸዋለች፤ ፑ ግን ሸምድዷቸዋል።

«ጋሼ ፑ፣ እነዚያ ቃላት ምን ምን ነበሩ?»

«ዛሬ ጋሼ ሆንኩ? ትናንት የተቀደደ ጡሩምባ ነበርኩ እኮ።»

«የተቀደደም አንዳንዴ ይነፋል። ይንገሩኝ።»

ፑ እየተኮፈሰ ነገራት። ዓሣ፣ ጃንጥላ፣ ከበሮ፣ ሐር፣ ሆምጣጤ። ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ዓሣ፣ ጃንጥላ፤ ደረጃ ስትወጣ ከበሮ፣ ሐር። የዘመን መለወጫው ርችት ሲንጣጣ እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

በዓሉ አለፈና የፈተናው ቀን ደረሰ። ዶክተር ሚያኦ ቃላቱን ቀስ እያለ አነበበላት። አላዳመጠችውም፤ የምታውቀውን ምን ብላ ታዳምጥ? መስኮቱን እያየች በአነባበቡ ሳቀችበት። ሰዓት ይሣሉ አላት፣ ሣለች። ወደ ኋላ ይቁጠሩ አላት፣ ቆጠረች። በመጨረሻ ቃላቱን ሲጠይቃት አንድም ሳታዛንፍ አወረደችለት።

እስክሪብቶው ቆመ። «እትዬ ሉዋን፣ እነዚህ ያለፈው ጊዜ ናቸው። የዛሬዎቹ ሌላ ናቸው።»

«ያለፈውን ያስታወሰ ሰው ነው እንግዲህ የሚረሳ የሚባለው?»

«ከዛሬዎቹ አንዱን ብቻ ይንገሩኝ።»

የሐኪሙን ጫማ፣ የሐኪሙን ጥፍር፣ የሐኪሙን ባዶ አገጭ ተራ በተራ ናቀች፤ ቃል ግን አልመጣላትም።

ውጤቱ ለልጇ፣ ለሊንግ ባል፣ ተላከ። በሳምንቱ የሊንግ እናት ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

ሉዋን ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ሄዳ ቆመች። ማይማይ የገበሬዋን እጅ ይዛ፣ ትኩስ ዳቦ እየገመጠች ተሻገረች። ሴትየዋ ሉዋንን ስታይ ፊቷ በራ። «እህቴ! ብርድ ላይ ምን አቆመዎት? ይምጡ አብረን እንሂድ።»

ሉዋን የሴትየዋን የጨርቅ ጫማ ከላይ እስከ ታች አየችው። ላለመሸነፍ ያህል፣ እንዲህ በጥድፊያ ሲጠሯት ዶሮዎቿን ለማን ትታ እንደመጣች ጠየቀቻት።

«ኧረ ጥድፊያስ አልነበረም» አለች ሴትየዋ፣ የማይማይን አንገት ልብስ እያስተካከለች። «ዶሮዎቼን ለጎረቤት የሰጠሁት እኮ ከዘመን መለወጫ በፊት ነው። ሊንግ የባቡር ትኬቱን የቆረጠችልኝ ያኔ ነዋ።»