ያልታጠበው አሲድ

እኔ ራዲያተር ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና ራዲያተር ስበይድ ኖሬ፣ አንድም ሰው «አፈሰሰብኝ» ብሎ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ለዚህ ሁሉ መዘዝ የዳረገኝም እሱ ነው።

አማቴ ሳንባቸውን ከታመሙ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው። ቀን ከሌት ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን አለ፤ ቀጭኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው አይለይም። ማሽኑ ከቆመ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ከዚያ በላይ ከዘገየ እንደማይተርፉ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮናል።

ባለፈው ወር ማሽኑ ጸጥ አለ። ደግነቱ ባለቤቴ ቤት ነበረች፤ ከአጠገባችን ካለው ጤና ጣቢያ ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደር እየሮጠች አመጣች። እሱም የሚያቆየው እስከ ማታ ነው ተባለ። ማሽኑን ኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛው ዘንድ ብወስደው፣ ወረፋ ስላለ ሦስት ሳምንት ጠብቅ አለኝ። ሦስት ሳምንት! ደሜ ፈላ። እኔው ከፍቼ ባየው አንዲት ሽቦ ከቦርዱ ላይ ተነቅላለች፣ በቃ። ለዚህች ነው እንዴ ሰው የሚጉላላው ብዬ፣ ሱቄ ወስጄ በአስር ደቂቃ በየድኳት። ማሽኑ ተነሳ። አማቴ መረቁኝ፣ ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የቀለጠ እርሳስ ዝም ብሎ አይፈስም። ብረቱን አጽድቶ እርሳሱን የሚያስኬድ ነገር መጀመሪያ ይቀባል። የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኞች ፍላክስ ይሉታል፣ የእነሱ ለስላሳ ነው። የእኛ አሲድ ነው። ከበየድን በኋላም አናጥበውም፤ ለምን እናጥበዋለን? ራዲያተር ውስጥ ውሃ ሲመላለስ ስለሚውል የተረፈውን ጠርጎ ይወስደዋል። እጄ የለመደው ይህንን ነው። ቦርድ ላይ ግን የሚያልፍ ውሃ የለም። አሲዱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሽቦውን ይበላል።

ይህ የገባኝ ሰኞ ዕለት ነው። በዚያው ሰሞን በዚያው አሲድ የጠገንኳት የሱቄ ሬዲዮ ድንገት ዝም አለች። ስከፍታት የበየድኩት ቦታ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል፤ ሽቦው እንደ ክር ሳስቶ፣ ነካ ሳደርገው ብጥስ አለ። የአማቴን ማሽንም የበየድኩት በዚሁ አሲድ ነው።

ያኔውኑ ወደ ቤት መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። መጀመሪያ ሲሊንደር በዘዴ ላግኝ፣ ከዚያ «አቧራ ላራግፍለት» ብዬ ከፍቼ፣ አጥቤ፣ ማንም ሳያውቅ ልዝጋው አልኩ። ጤና ጣቢያው ለጊዜው ትርፍ የለም፣ ነገ ና አለኝ። በነጋታውም፣ ረቡዕም ነገ ና አለኝ። ቤት ስገባ ጆሮዬ ማሽኑ ላይ ነው። አማቴ ፊቴን አይተው፣ ሥራ በዛብህ እንዴ ልጄ ይሉኛል። ባለቤቴ አባቷ ደህና በመሆናቸው ፊቷ በርቷል። ይህን ፊት እያየሁ እንዴት ብዬ ልናገር? ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት ሲሊንደሩን ተሸክሜ ገባሁ። የአማቴን ቱቦ ወደሱ አዛወርኩና ማሽኑን አጥፍቼ ከፈትኩት። ሽቦዋ በአንዲት ዘለላ ብቻ ተንጠልጥላለች። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ታያለች። ሃያ ሁለት ዓመት የራዲያተር ጠጋኝ ሚስት ሆና የአሲድ ዝገት አይጠፋትም። ምንድን ነው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም።

«ካወቅክ ስንት ቀንህ ነው?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ከሰኞ ጀምሮ» አልኳት።

አማቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ ተይው ልጄ፣ ይኸው ደርሶልኛል አይደል ወይ አሉ። አልሰማቻቸውም።

«ማክሰኞ አባዬን ብቻውን ትቼው ወጣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑ አለ ብዬ ግማሽ ቀን ገበያ ዋልኩ። በር ላይ ቦርሳዬን ያቀበልከኝ አንተ ነህ።»

እውነቷን ነው። ቶሎ ተመለሺ እንኳ አላልኳትም።