የብርጓል የቅበላ ምሳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ እኛ ዘንድ ቦታ ሞልቷል። ቦታ ያጣችውስ የብርጓል ናት። ደብረ ማርቆስ ከአንድ በርገር ቤት በር ላይ ቆማ፣ ገቢው በአንዱ ትከሻዋ ወጪው በሌላው እየገፋት፣ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ከመሬት አንስታለች።

"እምየ፣ እዚህ ጋ! ቶሎ ነይ፣ ሰው ሳይቀድመን!" አለች ልጇ ሕሊና ከወዲያ ጥግ። ተመጋቢዎቹ አፋቸውን እየጠረጉ ገና ሳይነሱ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላበታለች።

የብርጓል አፈረች። ከሰው ገበታ ላይ እንዲህ ማንዣበብ በእሷ አገር በይጁቤ ነውር ነው። "ጨርሱ ልጆቼ፣ አትቸኩሉ" አለቻቸው። አልሰሟትም። ሙዚቃው ማንንም ከማንም አያሰማም።

ዕለቱ እሑድ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ቅበላ። ከነገ ጀምሮ ሥጋና ወተት እስከ ፋሲካ የለም። የከተማው ወጣት የአምሳ አምስቱን ቀን ሥጋ በአንድ ከሰዓት ሊበላ የወጣ ይመስላል።

የብርጓል ግን ለሥጋው አልነበረም የመጣችው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከሕሊና ጋር ተኳርፈው ነበር። ልጅቱ ስትደውል እናት ስልኩን ለወንድ ልጇ ለአንሙት ትሰጠዋለች፤ እሱ "ደህና ናት" ይላል፤ በዚያው ያልቃል። ሐሙስ ዕለት የንስሐ አባቷ ቄስ አምደሚካኤል ቁርጡን ነገሯት። "ከልጅሽ ጋር ሳትታረቂ ጾሙን እንዳትይዢ። ሂጂና ከአንድ ገበታ ብሉ" አሏት። በአንሙት አስደወለች። ሕሊናም "ቅበላውን እኔ ልጋብዛት" አለች። የብርጓል፣ ልጇ ቤቷ ውስጥ ወጥ ሠርታ የምትጠብቃት መስሏት ነበር። ለዚያ ሆዷን ባዶ አድርጋ፣ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ጠጥታ ነው መኪና የተሳፈረችው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመጨረሻው የይጁቤ መኪና አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል።

ቤቱ የጥንት የፈረንጅ ቤት አስመስለው የሠሩት ነው። ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወንበሩ ቀይና አንሸራታች፤ ግድግዳው ላይ ክንፍ ያላት አሮጌ መኪና ተስላለች። ከሥዕሉ አጠገብ አንድ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ተሰቅሏል።

"ይሄ የእኛው ሬዲዮ አይደለም እንዴ?" አለች የብርጓል። "ቁርጥ እሱን! የእኛው ላይ ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበታለች።"

"ለጌጥ ነው የሰቀሉት፣ እምየ። አሁን የድሮ ነገር ፋሽን ነው።"

"እንግዲያው እኔንም ስቀሉኛ!"

ሕሊና ሳቋ አመለጣት። እናትም ሳቀች። ከስምንት ወር ወዲህ አብረው ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ የብርጓልም በልቧ 'ተመስገን፣ መንገዱ ተገኘ' አለች።

ያን ጊዜ የሕሊና ስልክ ጮኸ። በምትሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ የጠፋ ውጤት ይፈልጋሉ። "ውጭ ወጥቼ ላነጋግራቸው፤ እዚህ አይሰማም። አስተናጋጇ ከመጣች ሁለት በርገር፣ ሁለት ሚልክሼክ በያት" ብላ ወጣች።

አስተናጋጇ በላብ ርሳ መጣች። "እማማ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ለልጄ አንድ በርገር አምጪላት፣ የኔ ልጅ። ያንንም በበረዶ የሚያሠቃዩትን ወተት።"

"ለእርስዎስ?"

"ኧረ እኔስ ይቅርብኝ። አልራበኝም።"

እንግዲህ የብርጓል በሄደችበት ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው። የቤቱ እመቤት "ኧረ በሞቴ!" ትላታለች፤ እሷ "አይሆንም" ትላለች፤ እመቤቷ ሦስተኛ ስትለምናት "እንግዲህ ካልሽ ለቅምሻ ያህል" ብላ እጇን ትታጠባለች። ዘልሎ "አዎ፣ አምጪልኝ" ማለት የስግብግብ ነው።

አስተናጋጇ ግን "እሺ" አለችና ጽፋ በረረች። የብርጓል ሁለተኛውን "አይሆንም" አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

"አዘዝሽ?" አለች ሕሊና ስትመለስ።

"መጥታ ጠይቃኝ ሄደች።"

ሰባት ሰዓት ሆነ። ስለ አንሙት ተነጋገሩ፤ ስለ ላሚቱ ተነጋገሩ፤ ወሬው አለቀ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ከእነሱ በኋላ የመጡት በልተው ሄዱ፤ በእነሱ ቦታ የተቀመጡትም በሉ። የሚጠበሰው ሥጋ ሽታ በመጣ ቁጥር የብርጓል በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ሕሊና ሁለት ጊዜ ተነስታ እስከ ማዘዣው መስኮት ሄደች፤ ሁለቴም "እየደረሰ ነው" ተብላ ተመለሰች። በጣቷ ጠረጴዛውን ትቆረቁራለች። ስለ ክረምቱ ነገር ሁለቱም ምንም አላነሱም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አስተናጋጇ አንድ በርገርና አንድ ረጅም ብርጭቆ ሚልክሼክ አምጥታ አስቀመጠች።

"ሁለተኛውስ?" አለች ሕሊና።

"የታዘዘው አንድ ነው።"

"ሁለት ሰው ተቀምጦ እያየሽ? ሁለት ሰዓት አስጠብቃችሁን?"

"እህቴ፣ እናትሽ 'አልራበኝም' አሉኝ። ምን ላድርግ፣ አስገድጄ ላጉርሳቸው?"

"በቃ፣ አሁን አንድ ጨምሪ።"

"ሥጋ አልቋል። ቅበላ አይደለም እንዴ!" አለችና ሌላ ጠረጴዛ ጠርቷት ሄደች።

ሕሊና ወደ እናቷ ዞረች። "አልራበኝም አልሻት?"

"አዎ፣ ጠግቤ ነው።"

"ምን በልተሽ? የመንገዱን አቧራ?"

የብርጓል ነጠላዋን አስተካከለች።

"ክረምት ላይም ይህንኑ ነው ያደረግሽኝ" አለች ሕሊና፤ ድምጿ ከሙዚቃው በላይ ወጣ። "ታመሽ ተኝተሽ ስደውል 'ደህና ነኝ፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ' አልሽኝ። እሺ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ስምንት ወር አኮረፍሽኝ! ምን ባደርግ ነበር የሚሻለው? ልብሽን ከየት ላንብበው?"

የብርጓል 'ያልኩሽን ረግጠሽ ብትመጪ' ማለት ፈልጋ ነበር።

ሕሊና በረጅሙ ተነፈሰችና በርገሩን በቢላ ለሁለት ከፈለችው። "ይኸው። ግማሹን ያዢ።"

"ኧረ ብዪው አንቺ። ለእኔ አይስማማኝም።"

አያችሁ ልጆቼ፣ አፍ የለመደውን አይተውም። ሆዷ 'ስጪኝ' እያለ አፏ እንዲያ አለ። ሕሊና ለረጅም ጊዜ አየቻት። እናት እንድትለምናት ትጠብቃለች፤ ልጅቱም ይህን ታውቃለች።

"እሺ" አለች ሕሊና።

አንዱን ግማሽ በላች። ሁለተኛውንም አንስታ በላች። በንዴት ነው የምትበላው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ሳታላምጥ ትውጠዋለች። የብርጓል ጣቶቿን ከጠረጴዛው ሥር አቆላልፋ እያንዳንዱን ጉርሻ ተከተለች። ከአንድ ገበታ ብሉ ብለው የላኳት ቄስ አምደሚካኤል ነገ ቢጠይቋት ምን ትላለች? ልጄ በላች፣ እኔ አየሁ ትላለች?

አስተናጋጇ ባዶውን ሰሀን ልታነሳ መጣች። "እማማ፣ የሚጨመር ነገር አለ?" አለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንድ እግሯም ወደዚያው ዞሯል። የብርጓል ይህች ልጅ ሁለተኛ እንደማትጠይቅ አሁን ገብቷታል።

"ርቦኛል" አለች።

ሕሊና ከብርጭቆው ላይ ቀና አለች።

"ከትናንት ራት ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ርቦኛል፣ የኔ ልጅ። ምን አላችሁ?"

"ሥጋ የለም፣ እማማ። እንቁላል በዳቦ አለ። ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።"

"አምጪልኝ። በአንድ ሰፊ ሰሀን አድርጊው፤ ሁለት ሆነን ነው የምንበላው።"

አስተናጋጇ ጽፋ ሄደች። ሕሊና ስልኳን አየች። "እምየ፣ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። እሱን ስንጠብቅ መኪናው ያመልጥሻል።"

'እንግዲያው ይቅር፣ ልሂድ' የሚለው ቃል እስከ ጥርሷ መጣ። መለሰችው።

"ያምልጠኝ" አለች። "አንቺ ዘንድ አድራለሁ።"

'ከተመቸሽ' ልትል ነበር፤ እሱንም ዋጠችው።

ሙዚቃው ተለወጠ፤ ከኋላቸው የቆሙት ወጣቶች ጠረጴዛው እስኪለቀቅ ይቁነጠነጣሉ።

"አልጋዬ ጠባብ ናት" አለች ሕሊና በመጨረሻ።

"ተጠጋግተን እንተኛለን።"

ልጅቱ ቦርሳዋን አንስታ ከፊት ለፊት ወንበሯ ተነሳችና እናቷ ጎን መጥታ ተቀመጠች። ግማሽ የቀረውን ሚልክሼክ ወደ መሐል ገፋችው። የብርጓልም ማንም ሳይለምናት ብርጭቆውን አንስታ ጠጣች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህችን የብርጓልን አስቧት። በተለይ እናታችሁ በስልክ "እኔ ደህና ነኝ፣ እንዳትመጡ" ባለቻችሁ ቀን አደራ አስቧት።