ግራና ቀኙ የተለዋወጠ ቀሚስ

አያትየዋ በዚያን ጠዋት መጀመሪያ የጠፋባቸው መነጽራቸው ነው። ከአልጋቸው ራስጌ፣ ከስፌት መኪናው አናት፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሥር፣ መነጽር ሊቀመጥ ይችላል ያሉትን ቦታ ሁሉ አሰሱ። የልጅ ልጃቸውን እንዳይጠይቁ እሷ ለአንዲት ሙሽራ ልብስ ልትለካ ገና በማለዳ ወጥታለች። የዚህ ቤት ዕቃ እግር አለው እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ከሳሎኑ ጥግ ከታጠፈው የገበር ጨርቅ ሥር አገኙት። እዚያ ያስቀመጡት እሳቸው እንዳልሆኑ ቢያስምሏቸው ይምላሉ።

መነጽሩን እንዲህ አጥብቀው የፈለጉት ያለ ነገር አልነበረም። ጎረቤታቸው በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሚጡ የሰፋችው ቀሚስ ያለበት የመጽሔት ሽፋን ገና ሳይታተም በድረ ገጹ ላይ መለጠፉን ነግራቸው፣ እንኳን ደስ ያለዎት ብላ ሄዳለች። ሚጡ የልጅ ልጃቸው ናት። ስትወለድ እፍኝ ስለማትሞላ ያወጡላት ስም ነው፤ ዛሬ በር ስታልፍ ጎንበስ የምትል ሴት ሆናም ስሙ አልለቀቃትም። ትናንት ሽፋኑ ወጣ ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ ገና ነው እማዬ ብላ ፊቷን አዙራለች። እንግዲህ የገዛ ቤትን ወሬ ከጎረቤት መስማት ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ሚጡ የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሰፋበት ፋብሪካ ሥራዋን ለቃ፣ የሳሎኑን ግማሽ በመጋረጃ ከፍላ፣ በሩ ላይ "የሴቶች ልብስ በትዕዛዝ እንሠራለን" የሚል ሰሌዳ ከሰቀለች ወዲህ የመጣላት ሥራ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ነው። ሙሽራዋም ብትሆን የጓደኛ ጓደኛ ሆና ነው። የፋብሪካው አለቃ ስትሰናበተው፣ ወንበርሽን ለሰው አልሰጥም፣ መምጣትሽ አይቀርም ብሏት ነበር። አያትየዋ ያቺን ንግግር ባስታወሱ ቁጥር አንጀታቸው ያርራል። የመጽሔቱ ሰዎች ለሽፋን የሚሆን ቀሚስ ያዘዟት ቀን ግን ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ከቀኝ ትከሻው ተነስቶ በደረቱ በኩል ወደ ወገብ የሚወርድ ሐረግ ጠለፈችበት፤ እያንዳንዱ ቅጠል የየራሱ አረንጓዴ ያለው። ያ ሐረግ ከታየ ሰው በሯን ያንኳኳል። ካልታየ ወደዚያ ወንበር ትመለሳለች። ሚጡ ይህን በአፏ አልተናገረችውም፤ አያትየዋ የሚያውቁት ከአበላሏ ነው። የምትጨነቅ ቀን ምግቡን ታዞረዋለች እንጂ አትጎርስም።

ስልካቸውን ከፈቱ። ድረ ገጹን ማግኘቱስ አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው ማየቱ ነው። ገና ዓይናቸውን ሳያሳርፉ "ይመዝገቡ" የሚል ሣጥን መጥቶ ገጹን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። መዝጊያውን ሲፈልጉ ከጥግ ትንኝ የምታህል ምልክት አገኙ፤ እሷን ሲነኩ የሽቶ ማስታወቂያ ተከፈተ። ተመለሱ። ጽሑፉ ቀጭን፣ ቀለሙ አመድማ፣ ከነጩ ላይ ሊጠፋ ምንም ያልቀረው ነው፤ ሰው እንዲያነበው ፈልገው የጻፉት አይመስልም። ፎቶዎቹም አይረጉም፤ አንዱን ዓይን ያዝ ሲያደርገው ተንሸራትቶ ሌላው ይተካል። ሽፋኑ ይመጣል፣ ያመልጣቸዋል። መጥቶ ሲያልፍ፣ መጥቶ ሲያልፍ በመጨረሻ በአውራ ጣታቸው ተጭነው እንደሚያመልጥ ዶሮ ያዙት።

ሞዴሏ ቆማለች። ጭንቅላቷ የመጽሔቱን ስም መሃል ለመሃል ጋርዶታል። ስም አውጥቶ ሲያበቃ ላዩ ላይ ሰው ማቆም ምን የሚሉት ብልሃት ነው ብለው አለፉት። ዓይኗ ቀጥታ እሳቸው ላይ ፈጥጧል፣ ያበደረቻቸውን የካዱ ይመስል። ሐረጉ ግን አለ፤ ጥርት ብሎ፣ ቅጠል በቅጠል። ተመስገን ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዓይናቸው ቁልፎቹ ላይ አረፈ። በሁለት ጣት አሰፉት። ግራው በቀኙ ላይ ደርቧል።

ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት።

የሴት ልብስ ቀኙ በግራው ላይ ይደርባል፤ ግራው በቀኙ ላይ የሚደርበው የወንድ ነው። ይህን ሚጡን ያስተማሯት ገና ክር በመርፌ ማስገባት ሳትችል ነው። ቀሚሱንም በገዛ እጃቸው ተኩሰው፣ በገዛ እጃቸው ቆልፈው ነው ያደረሱት። ሐረጉንም ቢያዩት ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ተሻግሯል። አንድ ሰው ፎቶውን እንደ መስታወት ገልብጦታል። ከሥሩ ደግሞ የሚጡ ስም በትንሹ ተጽፏል። መርፌ የያዘ ሁሉ ይህን አይቶ ምን ሊል ነው? ይቺ ልጅ የቁልፍ ወገን አታውቅም ይላል። የፋብሪካው አለቃ ሽፋኑን ቀዶ ከወንበሯ በላይ ግድግዳው ላይ ሲለጥፈው ታያቸው።

ሚጡ ጋ ደወሉ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ልብስ ስትለካ ትዘጋዋለች። ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ወደ መጽሔቱ ቢሮ ወጡ። አውቶቡሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ የሚናገሩትን ሲያሰናዱ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ አልቀረም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ተነስቶ ሌላ ወንበር ፈለገ።

ቀሚሱን ሲያደርሱ ከሚጡ ጋር መጥተው ስለነበር ሽፋኑን የሚያሰናዳውን የገጽ አቀናባሪ ክፍል ያውቁታል። ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የቀድሞ ሽፋኖች በተርታ። አቀናባሪው አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ቀጭን ወጣት ነው። ሲያያቸው ተነስቶ የራሱን ወንበር ሰጣቸው። ያሰናዱት ሁሉ ጠፋባቸውና በአንድ ትንፋሽ ቁልፉን ብቻ ነገሩት። ልጁ አልተደናገጠም። ገጹን ከፈተ፣ ቀረብ ብሎ አየ፣ ልክ ነዎት እማማ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ አለ። ሁልጊዜ እንደሚገለብጡ፣ ቁልፍ የሚያይ አንባቢ ግን እስከዛሬ ገጥሞት እንደማያውቅ በትህትና አስረዳቸው።

"ይኸው ገጠመህ" አሉት።

ሳቀና አንድ ነገር ነካ። ሞዴሏ ዞረች። ቁልፎቹ ወደ ወገናቸው ተመለሱ። አያትየዋ እፎይ ሊሉ ሲሉ ግን ሐረጉ የለም። ወደ ገጹ ግራ ሄዶ ከአርእስቶቹ ሥር ገብቷል። በቅጠሎቹ ላይ ቦርጭን ስለማጥፋት የሚያወራ ትልልቅ ፊደል ተኝቶበታል፤ ከዚያ በታች ቆዳን ስለማለስለስ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ መስመር መስመር ያለው ባርኮድ እንደ አጥር ቆሟል። የሚታየው ባዶው እጅጌ ብቻ ነው።

ጽሑፉን ወደ ቀኝ ውሰደው አሉት። አይሆንም አለ። ከመደርደሪያው አሮጌ ቅጂዎች አወጣና ጠረጴዛው ላይ አንዱን በአንዱ ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን ደራረባቸው፤ ከእያንዳንዱ የታየው የግራ ጠርዙ ብቻ ነው። መንገድ ዳር ያለው ሻጭ ቦታ ስለሌለው እንዲህ እንደሚደረድራቸው፣ ግራው ላይ ቃል ከሌለ መጽሔቱ እንደሌለ እንደሚቆጠር ነገራቸው። እንግዲያው ሻጩ አደራደሩን ያስተካክል አሉ። ፈገግ አለ። ፊደሉን አሳንሰው አሉ። ከዚህ ካነሰ ከመንገዱ ማዶ አይነበብም አለ። እሺ ሴትየዋን ዝቅ አድርጋት። ጭንቅላቷ ስሙን ካልሸፈነ ከወረቀቱ ወደ ሰው የመጣች አትመስልም አለ። ዓይኗስ፣ ምን አድርገናት ነው የምታፈጥብን? ሰው ሲያዩት ይቆማል፣ ከቆመ ይገዛል አለ።

አያትየዋ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩት። ያቺው አፍጣጭ፣ ያው የተጋረደ ስም፣ ያው ቦርጭ በግራ። አንዲት ሴት ልብስ እየቀያየረች ዓመቱን ሙሉ እዚያው የቆመች ይመስላል።

"ለመሆኑ ማነው እንዲህ ይሁን ያለው?"

"እንጃ እማማ። እኔ ስመጣም እንዲሁ ነበር።"

ሊቆጡት አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ቀኙ በግራው ላይ ይደርብ ያለውስ ማነው ብሎ ቢጠይቃቸው የሚመልሱት ይህንኑ ነው። እሳቸው ሲመጡም እንዲሁ ነበር። ይህ ሐሳብ ይበልጥ አናደዳቸው።

ስልኩ ጮኸ፤ ማተሚያ ቤት ነው። ልጁ አሁን እልካለሁ፣ አሁን እልካለሁ ብሎ ዘጋና ወደ እሳቸው ዞረ።

"እማማ፣ ቀሚሱ የእናንተ ነው፣ ያሉኝን አደርጋለሁ። ግን ወይ ቁልፉ ወይ ሐረጉ። ሁለቱን ማምጣት አልችልም።"

ሚጡ ጋ እንደገና ደወሉ፤ ዝግ ነው። እጃቸው የሻርፓቸውን ጫፍ እየጠቀለለ እየፈታ ስክሪኑን አዩ። ልጁ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አዞረላቸው። ቁልፉ ሲስተካከል የሚጡ ሥራ የለም። ሥራዋ ሲታይ ቁልፉ ያሳፍራል። ስሟን አንሳና የእኔን ጻፍ ልበለው ብለው አሰቡ፤ ሰው ቢስቅ በአሮጊት ይሳቅ። ግን ስሟ ከተነሳ የሚንኳኳውስ የማን በር ነው? ሐሳቡን ዋጡት።

"ሐረጉ ይታይ" አሉ። "ስለ ቁልፉ የሚጠይቅ ካለ ወደ እኔ ላከው።"

ቤት ሲደርሱ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀመጡ። መንገዱን ሙሉ ሲያስቡት አስቀይሜያታለሁ፣ በሌለችበት የሷን ነገር ወስኜ መጥቻለሁ የሚለው እየከበዳቸው ሄዷል። ሚጡ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ስትገባ አንድም ሳያስቀሩ ዘረገፉላት። ልጅቷ ከሜትሩ ጋር ቀጥ ብላ ቀረች።

ለካ እሷም ትናንት አይታዋለች። አይታው አቀናባሪው ጋ ለመደወል ስልኩን ስታነሳ ስትጥል ቆይታ፣ ከነጭራሹ ቀሚሱን ከሽፋኑ ያነሱብኛል ብላ ፈርታ ተወችው።

"መነጽርሽንም የደበቅኩት እኔ ነኝ" አለች። "አይተሽ እንዳትታመሚብኝ ብዬ።"

አያትየዋ ለዚህ የሚሆን ቁጣ ሲፈልጉ ሚጡ ጠጋ ብላ ወለሉ ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና የቱን እንደመረጡ ጠየቀቻቸው።

"ሐረጉን።"

ሚጡ የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

"እኔ ብሆን ቁልፉን ነበር የማስተካክለው" አለች ቀና ሳትል። "ሰው እንዳይስቅብሽ። ያስተማረችኝ እሷ ናት እያልኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ።"

"ለእኔ ስትይ ሥራሽን በቦርጭ ልታስሸፍኚ? አብደሻል?" ብለው እግራቸውን ነጠቋት። ከዚያ መልሰው ሰጧት፤ ማሰሪያው ተቋጥሮ ነበር፣ እሳቸው ማጎንበስ አይችሉም።

መጽሔቱ ወጣ። ሻጩ እንደተባለው ደራርቦ ስለደረደረው አያትየዋ ከመንገዱ ማዶ ሆነው ያዩት ቦርጭን ብቻ ነው። ተሻግረው ከመሃል አንዱን ስበው ከላይ አስቀመጡት፤ ሻጩ መልሶ ከሥር ሲያስገባው እያዩት ሄዱ። ከታችኛው ሰፈር አንድ የወንዶች ልብስ ሰፊ ደውሎ፣ እንግዲህ ወደ እኛ ሥራ ገባችሁ አይደል ብሎ አሾፈባቸው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። በሩን ግን የሚያንኳኳ ጠፋ። ሚጡ ምግቡን ታዞራለች፤ አያትየዋ ሲያዩዋት ቁልፉ ነው፣ ቁልፉ ነው እያሉ በሆዳቸው ይብከነከናሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መጽሔቱን ብብቷ ውስጥ የያዘች ሴት ናት፤ የሰሌዳውን ጽሑፍ ጮክ ብላ አንብባ፣ ይቺን ቀሚስ የሠራችው እዚህ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ሚጡ ሜትሯን ለማንሳት ስትቸኩል መርፌ መሰኪያውን ደፋችው። ሴትየዋ ሐረጉን ቅጠል በቅጠል በጣቷ እየተከተለች አደነቀች፣ እህቷም እንደምትፈልግ፣ የሥራ ባልደረቦቿም እንደጠየቋት ተናገረች። አያትየዋ ከስፌት መኪናው ኋላ ሆነው አዳመጡ፤ ደስታው ገብቷቸው ሳያበቃ ግን የቁልፉ ነገር አላስቀምጥ አላቸው። ሳይጠየቁ ገቡበት። ፎቶው ላይ የማተሚያ ነገር ሆኖ ቁልፉ መዞሩን፣ ለእሷ ሲሠራ ግን እንደ ሥርዓቱ ቀኙ በግራው ላይ እንደሚደርብ፣ ምንም እንዳታስብ ነገሯት።

ሴትየዋ ሽፋኑን አየች፣ የራሷን ሸሚዝ አየች፣ እንደገና ሽፋኑን አየች።

"አይ እማማ፣ ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ" አለች ቁልፎቹ ላይ ጣቷን አሳርፋ። "የወደድኩት እኮ እሱን ነው። የማንም ቀሚስ እንዲህ አይቆለፍም።"

ሚጡ መርፌዎቹን ከወለሉ እየለቀመች ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። አያትየዋ ሴትየዋን አዩ፣ ሽፋኑ ላይ የምታፈጠውን ሞዴል አዩ። የሚናገሩት ብዙ ነበር። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁና ለልጅ ልጃቸው ዘረጉላት።

"እንኪ" አሏት። "መልሰሽ ደብቂልኝ።"